ኢኖቬሽን፣ ዕውቀትና ኤክስፖርት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምርቱን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ ስለ ማሽን፣ ስለ ማጓጓዣ፣ ስለ ወረቀቱ ውጣ ውረድ ይጠይቃል። "ድርጅታችን ምን ያውቃል? የማያውቀውንስ ከማን ይማራል?" ብሎ የሚጀምር ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፣ አንዳንዱ አጥሯል፤ እንደ ጥያቄው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤክስፖርት ለማድረግ የግድ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አለብን?

የለባችሁም። ኢኖቬሽን ሲባል ብዙ ሰው ዓለም አይቶት የማያውቅ ማሽን ነው የሚታየው። በዚህ የተነሳ "እኛ ሳይንቲስት አይደለን" ብሎ ነገሩን ገና ከመጀመሪያው የሚተወው ብዙ ነው።

የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ኢኖቬሽንን ለመለካት የሚጠቀሙበት የኦስሎ ማኑዋል የሚባል መመሪያ አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1992 ነው፣ አራተኛው እትም ደግሞ በ2018። በዚያ መመሪያ መሠረት ድርጅቱ ራሱ በፊት ከነበረው በጉልህ የተለየ ምርት ወይም አሠራር ካመጣና ሥራ ላይ ካዋለው ኢኖቬሽን ነው። ሌላ ቦታ መኖሩ ችግር የለውም። ለእናንተ አዲስ መሆኑ ይበቃል።

ስለዚህ ማሸጊያውን በባሕር ጉዞ ላይ እርጥበት እንዳያስገባ አድርጎ የቀየረ ድርጅት ኢኖቬሽን ሠርቷል። ትዕዛዝ የሚቀበልበትንና የሚከታተልበትን መንገድ ከሥሩ የለወጠም እንደዚያው። ሥራ ላይ ያልዋለ ሃሳብ ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና አይቆጠርም።

"የዕውቀት አቅም" ማለት የተማረ ሰው ብዛት ነው?

አይደለም። የተማረ ሰው መኖሩ በጣም ይረዳል፣ ግን ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምርት አያሻሽልም።

ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ያቀረቡት ሃሳብ እስካሁን ድረስ በዚህ ዘርፍ ዋና መነሻ ነው። አንድ ድርጅት ከውጭ የመጣን አዲስ ዕውቀት ጥቅሙን ለይቶ ማየት፣ ከራሱ ሥራ ጋር ማዋሃድና ወደ ገቢ መለወጥ ከቻለ ዕውቀትን የመምጠጥ አቅም አለው ይላሉ። ዋናው ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ይህ አቅም የሚገነባው ቀድሞ በሚታወቅ ነገር ላይ ነው። ምንም የማያውቅ ድርጅት ጥሩ መረጃ እጁ ላይ ቢወድቅም አያውቀውም።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ሁለት ጨርቅ አምራቾች ከአንድ ገዢ "ቀለሙ ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው ይለያያል" የሚል ቅሬታ ደረሳቸው እንበል። አንደኛው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ሠራተኞቹን "ተጠንቀቁ" ይላል። ሁለተኛው ግን የእያንዳንዱን ቀን የቀለም መጠን፣ የውሃውን ሙቀትና ጨርቁ በማቅለሚያው ውስጥ የቆየበትን ሰዓት መዝግቦ ይዟል። መዝገቡን አወጣ፣ አመሳከረ፣ ልዩነቱ የመጣው ከውሃው ሙቀት መሆኑን አገኘ። ቅሬታው አንድ ነው። ለአንደኛው ኪሳራ ሆነ፣ ለሁለተኛው ትምህርት። የዕውቀት አቅም የምለው ይህን ነው።

የትኛው ይቀድማል? ጎበዝ ድርጅት ነው ኤክስፖርት የሚያደርገው ወይስ ኤክስፖርት ነው ድርጅትን ጎበዝ የሚያደርገው?

ኢኮኖሚስቶች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አንድሩ በርናርድና ብራድፎርድ ጄንሰን በ1995 የአሜሪካን ፋብሪካዎች መረጃ ሲመረምሩ ወደ ውጭ የሚልኩት ከማይልኩት ይልቅ ትልልቅ፣ ምርታማና የተሻለ ደመወዝ የሚከፍሉ ሆነው አገኟቸው። ላኪዎቹ ደግሞ በጣም ጥቂት ናቸው። በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት 5.5 ሚሊዮን ገደማ ድርጅቶች ወደ ውጭ የላኩት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከእነሱም ውስጥ ከላይ ያሉት 10 በመቶ ላኪዎች ከጠቅላላው ኤክስፖርት 96 በመቶውን ይዘውታል። የዓለምን ትልቁን ኢኮኖሚ ነው የምላችሁ።

ለምን ጥቂት ሆኑ? ምክንያቱም ውጭ ገበያ መግባት ራሱ ያስወጣል። ገበያ ማጥናት፣ ናሙና መላክ፣ ምርቱን ለዚያ ሀገር ደንብ ማስተካከል፣ አከፋፋይ ማግኘት። ይህ ገንዘብ አንዴ ከወጣ ሽያጩ ባይሳካም አይመለስም። ማርክ ሜሊትዝ በ2003 ያቀረበው ሞዴል ነገሩን ግልጽ አደረገው፦ ይህን ወጪ ችሎ የሚተርፈው ቀድሞውኑ ምርታማ የሆነው ድርጅት ነው፤ ሌላው አገር ውስጥ ይቀራል ወይም ይዘጋል። በዚህ በኩል ካያችሁት ጉብዝናው ይቀድማል።

ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ካናዳና አሜሪካ የነፃ ንግድ ስምምነታቸውን በ1989 ሥራ ላይ ሲያውሉ የአሜሪካ ታሪፍ፣ ማለትም ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ወረደ። በዚህ ምክንያት መላክ የጀመሩትን የካናዳ ፋብሪካዎች አላ ሊሌቫና ዳንኤል ትሬፍለር መረመሯቸው። ፋብሪካዎቹ ምርታማነታቸው ጨመረ፣ አዳዲስ ምርት አወጡ፣ የተራቀቀ የማምረቻ ቴክኖሎጂም ሥራ ላይ አዋሉ። ገበያው ሲሰፋ ማሽን መግዛትና ምርት ማሻሻል የሚያዋጣ ሥራ ሆነ ማለት ነው። በፊት ያላሻሻሉት ስንፍና ይዟቸው ላይሆን ይችላል፤ ለጥቂት ገዢ ያን ሁሉ ወጪ ማውጣት ስለማያዋጣ ነው።

የታይዋን ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ላይ ከ2000 እስከ 2004 ያለውን መረጃ ይዞ የተሠራ ጥናትም አለ። ምርምርና ልማትም ኤክስፖርትም የነገውን ምርታማነት ከፍ ያደርጋሉ፣ ከፍ ያለው ምርታማነት ደግሞ ድርጅቱ ሁለቱንም እንዲቀጥልባቸው ያደርገዋል። ዶሮዋና እንቁላሉ ዓይነት ነገር ነው። እኔ ስለዚህ "የቱ ይቀድማል" ከሚለው ይልቅ "እኛ አሁን የቱ ጋ ነን" የሚለው ጥያቄ ይሻላል እላለሁ። መነሻ አቅም ከሌላችሁ አቅሙን አስቀድሙ። አቅሙ ካላችሁና እየፈራችሁ ከሆነ ደግሞ ገበያው ራሱ የቀረውን ያስተምራችኋል።

እውነት ኤክስፖርት ያስተምራል? ወይስ እንዲያው የሚባል ነው?

ያስተምራል፤ ማስረጃውም አለ። በጣም የምወደው ጥናት ግብፅ ውስጥ ፉዋ በምትባል ከተማ በምንጣፍ ሠሪዎች ላይ የተሠራው ነው። ዴቪድ አትኪን፣ አሚት ካንዴልዋልና አዳም ኦስማን በ2017 አሳተሙት። ሠሪዎቹ በጣም ትንንሽ ወርክሾፕ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ከፈሏቸውና ለአንዱ ወገን ብቻ ከሀብታም ሀገር ገዢዎች ትዕዛዝ የማግኘት ዕድል ተሰጠው። ዕጣ በመሆኑ "ጎበዞቹ ናቸው የሄዱት" የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም።

ትርፋቸው ከ16 እስከ 26 በመቶ ጨመረ። ለኔ ግን ከትርፉ በላይ የሚገርመው ሌላ ነው። ለውጭ ገዢ የሚሠሩት በሰዓት የሚሸምኑት መጠን ቀነሰ። ላይ ላዩን ያየ ሰው "ሰነፉ" ሊል ይችላል። ምክንያቱ ግን የሚሠሩት ምንጣፍ የጠራና ብዙ ድካም የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በኋላ ሁሉም በአንድ ዓይነት መሸመኛ ላይ አንድ ዓይነት ምንጣፍ እንዲሠሩ ሲደረግ ውጭ የላኩት ወገኖች በጥራት በለጡ፣ ጊዜም አልጨመሩም። እጃቸው ተለውጧል ማለት ነው።

እንዴት ተማሩ? ከገዢው የመጣው አስተያየት በአገናኙ ነጋዴ በኩል እስከ ሸማኔው ድረስ ይወርድ ነበር። ጠርዙ አልተስተካከለም፣ ክሩ ላልቷል፣ ማዕዘኑ ዞሯል። አስተያየቱ አገናኙ ጋ ቆሞ ቢቀር ኖሮ ገንዘቡ ይገባ ነበር፣ ትምህርቱ ግን አይኖርም። በአገናኝ በኩል የምትልኩ ሰዎች እባካችሁ ይህቺን ልብ በሉ። ከዋጋው እኩል የምትደራደሩት የገዢው ቃል ሳይቆራረጥ እንዲደርሳችሁ መሆን አለበት።

ምርታችን ጥሩ ነው፣ ሀገር ውስጥ ሁሉም ይወደዋል። ውጭ ለምን አልሸጥ አለ?

ጥሩ የሆነው ለማን ነው? መልሱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ቶዮታ በ1957 አሜሪካ ውስጥ የሽያጭ ድርጅት አቋቁሞ ክራውን የተባለችውን መኪና መላክ ጀመረ። ጃፓን ውስጥ የተከበረች መኪና ነች። በዚያን ጊዜው የጃፓን መንገድ ላይ ዝግ ብሎ ለሚነዳ ሰው የተሠራች ጠንካራ መኪና። አሜሪካ ገብታ ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ስትወጣ ግን ጉልበት አጠራት፣ በፍጥነት ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፣ ሞተሯ ይግላል። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የተሸጡት 300 እንኳን አልሞሉም። ድርጅቱ ክራውንን ወደዚያ መላኩን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው የሚያስተምረው። ተስፋ ቆርጠው አልወጡም፣ ያችኑ መኪና በቅናሽ ለመሸጥም አልሞከሩም። መንገዱንና ነጂውን አጠኑ። በ1965 ኮሮና የተባለችውን መኪና ለዚያ ገበያ በሚስማማ ሞተርና በአውቶማቲክ ማርሽ ይዘው ቀረቡ፣ ተሳካላቸውም። ክራውን መጥፎ መኪና አልነበረችም። የተሠራችው ስለ ሌላ ሀገር መንገድ ባለ ዕውቀት ነው።

የእናንተም ምርት እንደዚያ ሊሆን ይችላል። አገር ውስጥ የምታውቁት ገዢ ጣዕሙን፣ መጠኑን፣ የሚገለገልበትን ሁኔታ ሳትጠይቁት ታውቁለታላችሁ፤ አብራችሁ ስለኖራችሁ። የውጭውን ገዢ ግን አታውቁትም። ያንን ክፍተት የሚሞላው ሄዶ ማየት፣ ቀርቦ መጠየቅና የተመለሰውን ዕቃ ከፍቶ መመርመር ነው።

ዋጋችን ርካሽ ነው። እሱ ብቻ አይበቃም?

ለመግባት ይበቃ ይሆናል። ለመቆየት አይበቃም።

ሂዩንዳይ በ1986 ኤክሰል የተባለች መኪና ይዞ አሜሪካ ገባ። በርካሽነቷ ተሻምተው ገዟት፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ተሸጠች። ብዙም ሳይቆይ መበላሸት አበዛች፣ የድርጅቱም ስም አብሮ ተበላሸ። ያንን ስም ለማደስ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሞተሩና ለማስተላለፊያው የ10 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ሲሰጥ ገበያው እንደገና ያየው ጀመር። እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ጥራቱን አስቀድሞ ካላስተካከለ ይከስራል፤ ቃሉ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

በዋጋ ብቻ የሚወዳደር ድርጅት ሌላም አደጋ አለው። ከሱ የሚረክስ ሲመጣ የሚይዘው ነገር የለውም። ገዢው ስለ ዋጋው ብሎ መጣ፣ ስለ ዋጋው ብሎ ይሄዳል።

ምርቱን ማሻሻል ይቅደም ወይስ የአመራረቱን ወጪ መቀነስ?

እንደ ዕቃው ይለያያል። ዓይነቱ አንድ የሆነ፣ ከማንም ቢገዛ ልዩነት የሌለው ዕቃ ከሆነ የአመራረት ማሻሻያው ይቅደም። ገዢው እያማረጠ የሚገዛው ከሆነ ምርቱ ይቅደም። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል። የተሻለ ምርት ለማውጣት የሚነሳ ሰው አሮጌው አሠራሩ እንደማይችለው የሚያውቀው ሲጀምር ነው።

ትንሽ ድርጅት ነን፣ የምርምር ክፍል የለንም። አለቀልን ማለት ነው?

በፍጹም። የምርምር ክፍል ያለው ድርጅት ጥቅም አለው፣ አልክድም። ራሱ ከሚያገኘው ግኝት በተጨማሪ ሌሎች ያገኙትን ለመረዳትም ያግዘዋል። ግን ዕውቀት ከላቦራቶሪ ብቻ አይመጣም። ከገዢ ይመጣል፣ ጥሬ ዕቃ ከሚሸጥላችሁ ሰው ይመጣል፣ ማሽኑን ሊተክል ከመጣው ቴክኒሻን ይመጣል፣ ሌላ ላኪ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ ከመጣ ሠራተኛ ይመጣል። በተለይ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ በፊት ኤክስፖርት ያደረገ አንድ ሰው መቅጠር ብዙ ወር ሙሉ የሚያስለፋ ስህተትን ያስቀራል።

የአስተዳደር ነገርም እንደ ዋዛ አይታይ። ሕንድ ውስጥ ሙምባይ አካባቢ ባሉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ የተሠራና በ2013 የታተመ ጥናት አለ። ለተመረጡት ፋብሪካዎች አማካሪዎች በነፃ ተላኩላቸው። የመከሯቸው ነገር ተራ የሚመስል ነው፦ ጉድለት የተገኘበትን ምርት መዝግቡ፣ ማሽኑን ከመበላሸቱ በፊት ጠግኑ፣ መጋዘኑን አስተካክሉ፣ ክሩ የት እንዳለ እወቁ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው 17 በመቶ ጨመረ። ለምን በፊት አላደረጉትም ሲባል አንዱ ትልቅ ምክንያት አለማወቅ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዱን አሠራር ጭራሽ አልሰሙትም፣ የሰሙትን ደግሞ "ለኛ አይሆንም" ብለው ትተውታል። ብዙ ጊዜ ገንዘብ አጣን የምንለው ነገር ውስጥ አለማወቅ ተደብቆ ይገኛል።

ለሌላ ብራንድ እያመረትን ብንኖርስ? የራሳችን ስም የግድ ነው?

የግድ አይደለም። ለትልቅ የውጭ ብራንድ ማምረት ከምርጥ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ስታንዳርዱን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፣ ተቆጣጣሪ ይልካል፣ ስህተታችሁን ፊት ለፊት ይነግራችኋል።

ግን ትምህርት ቤት መሆኑን አትርሱ። የታይዋኑ ጃያንት በ1972 ተቋቁሞ ሹዊን ለተባለው የአሜሪካ ስመ ጥር ኩባንያ ብስክሌት ያመርት ነበር። እያመረተ ይማር ነበር። በ1981 በራሱ ስምም መሸጥ ጀመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሹዊን ወደ ሌላ አምራች ፊቱን ሲያዞር ጃያንት ሊወድቅ ይችል ነበር፤ አብዛኛው ትዕዛዙ ከዚያ ነበርና። አልወደቀም። የማምረት ችሎታው በእጁ ነው፣ ስሙም ተጀምሯል፤ በራሱ ብራንድ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ገፋበት። ሹዊን በ1992 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ጃያንት ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የብስክሌት አምራቾች አንዱ ነው።

ልዩነቱ የት ነው? ሹዊን ማምረቱን ለሰው ሲሰጥ የማምረቱ ዕውቀትም አብሮ ሄደ። ጃያንት ደግሞ ክፍያውን ብቻ ተቀብሎ አልተቀመጠም፣ ንድፉንና ገበያውን ጭምር ተማረ። ለሌላ ብራንድ የምታመርቱ ከሆነ እንግዲህ "ከዚህ ትዕዛዝ ምን ያህል አተረፍን" ከሚለው ጎን "በፊት የማንችለውን ምን ቻልን" ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ አሳሳቢ ነው።

የጥራት ሰርተፍኬት መያዝ ኢኖቬሽን ነው?

ወረቀቱ አይደለም፣ ወረቀቱን ለማግኘት የምትቀይሩት አሠራር ግን ሊሆን ይችላል። አይ ኤስ ኦ 9001 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥራት አሠራር ስታንዳርድ ከ1987 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ገዢዎች ያለሱ ንግግርም አይጀምሩም። ሜክሲኮ ውስጥ በ1994 መጨረሻ ፔሶ ዋጋው ሲወድቅ ኤክስፖርታቸውን ያሳደጉት ቀድሞውኑ ጠንካራ የነበሩት ፋብሪካዎች ናቸው። የጥራት ሰርተፍኬቱን በብዛት የያዙትም፣ ደመወዝ የጨመሩትም እነሱው ሆነው ተገኙ። የምንዛሪው ለውጥ ለሁሉም እኩል ነው፤ የተጠቀመበት ግን የተዘጋጀው ነው። ለተቆጣጣሪ ብቻ ተብሎ የሚሞላ ፎርም ግን ምንም አያስተምርም።

የሚያውቀው ሠራተኛችን ቢለቅስ?

ዕውቀቱንም ይዞት ይሄዳል፤ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከነበረ። ይህ ብዙ ትንንሽ ላኪዎችን የሚያንገዳግድ ነገር ነው። አንዱ ሰው ገዢዎቹን ያውቃል፣ አንዷ ሴት የቀለሙን ልክ በዓይኗ ታውቃለች፤ ሁለቱ ሲለቁ ድርጅቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ሁሉንም መጻፍ ግን አይቻልም። ዓይንና እጅ የሚያውቀው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግማሹ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ሰው አብሮ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከገዢ ጋር ስብሰባ ሲኖር ሁለት ሰው ይግባ። የሚጻፈው ይጻፍ፣ የማይጻፈው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ። ሠራተኛውንም በሚገባው ልክ መክፈል ነው፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ውሎ አድሮ ይበልጥ ያስወጣል።

መጀመሪያ ቅርብ ሀገር ብንልክ ነው የሚሻለው ወይስ ትልቁ ገበያ?

የስዊድን ድርጅቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1977 ያቀረቡት የኡፕሳላ ሞዴል የሚባል አለ። ድርጅቶች መጀመሪያ በቋንቋ፣ በባህልና በአሠራር ወደሚቀርቧቸው ሀገሮች ይሄዳሉ፣ እየተማሩ ይርቃሉ ይላል። የሚያዘገየው የዕውቀት እጥረት ነው። ኋላ ላይ ደግሞ በተለይ በቴክኖሎጂ ዘርፍ ገና ሲቋቋሙ ጀምረው ሩቅ ገበያ የሚሸጡ ድርጅቶች በዝተው ታዩ። እነዚህን ቀረብ ብላችሁ ስታዩአቸው ግን ድርጅቱ አዲስ ይሁን እንጂ መሥራቾቹ ብዙ ጊዜ አዲስ አይደሉም፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ ሠርተው ገበያውን ያውቁታል። ስለዚህ ርቀቱን በኪሎ ሜትር አትለኩት። የምታውቁት ሰው፣ የምታውቁት ደንብ ያለበት ቦታ ነው ቅርብ።

አንድ ዓመት ልከን ብናቋርጥና በኋላ ብንመለስስ?

ይቻላል፣ ግን በነፃ አይደለም። በኮሎምቢያ ፋብሪካዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የኤክስፖርት ልምድ ቶሎ እንደሚያረጅ ያሳያሉ። ጥቂት ዓመት ያቋረጠ ድርጅት ለመመለስ ሲነሳ ጭራሽ ልኮ ከማያውቅ ድርጅት ብዙም አይለይም። ገዢው ሌላ አቅራቢ ይዟል፣ ደንቡ ተቀይሯል፣ የሚያውቀውም ሠራተኛ ለቋል። በዚያው በኮሎምቢያ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚታዩት ላኪዎች ግማሽ ያህሉ ባለፈው ዓመት ያልነበሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም በትንሽ መጠን ሞክረው በዓመቱ ይጠፋሉ። አስቸጋሪ ዓመት ከመጣ መጠኑን መቀነስ ይሻላል። ትንሽም ብትሆን አንድ ገዢ አትጣሉ።

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማውጣት አለብን?

ሊገለበጥ የሚችል ቴክኒካዊ ግኝት ካላችሁ አዎ፣ ፓተንት በየሀገሩ የሚሠራ መብት ስለሆነ ለምትሸጡበት ሀገር። ለአብዛኛው ድርጅት ግን ቀድሞ መመዝገብ ያለበት የንግድ ምልክቱ ነው። ስማችሁን ሌላ ሰው ቀድሞ ካስመዘገበው ገበያው ውስጥ በራሳችሁ ስም መግባት ትቸገራላችሁ።

አቅማችን ምን ያህል እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ውድ ጥናት አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ተቀመጡና ገዢ የላከላችሁን የመጨረሻውን ቅሬታ ፈልጉ። የት ነው የተጻፈው? ማን አነበበው? ማምረቻው ክፍል ደርሷል ወይስ ሽያጩ ክፍል ቀርቷል? በሱ ምክንያት የተቀየረ ነገር አለ? ከዚያ ባለፈው ዓመት ከሠራችሁት የተለየ አንድ ነገር ጥቀሱ፤ ምርትም ይሁን አሠራር። ቀጥሎ፣ ያ ሃሳብ ከማን እንደመጣ ጠይቁ። ሁልጊዜ ከባለቤቱ ብቻ ከሆነ የሚመጣው፣ ሠራተኞቹ የሚያዩትን እየዋጡት ነው።

ቅሬታውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ከፈጀባችሁ ሥራው ከዚያ ይጀመር። አንድ መዝገብ ክፈቱ፦ ቀኑ፣ ገዢው፣ ያለው ነገር፣ ያገኘነው ምክንያት፣ የቀየርነው። ማምረቻው ክፍል ያለ ሁሉ የሚያነበው ቦታ አስቀምጡት፣ የሚቀጥለው ጭነት ከመውጣቱ በፊትም አንብቡት።